ፐርፔቿል ካላንደር ምንድን ነው? ከሁለት ተቀራራቢ የእጅ ሰዓቶች አንዱን መምረጥ

ፐርፔቿል ካላንደር ያለው የእጅ ሰዓት የወሩን ቀን፣ የሳምንቱን ዕለትና ወሩን ማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ወሩ ባለ 31፣ ባለ 30፣ ባለ 29 ወይም ባለ 28 ቀን መሆኑን ለይቶ ያለ ሰው እርዳታ ወደ ቀጣዩ ወር መጀመሪያ የሚሻገር ሜካኒካዊ ሰዓት ነው። ቀን የሚያሳይ ተራ ሰዓት እያንዳንዱን ወር 31 አድርጎ ስለሚቆጥር በዓመት አምስት ጊዜ በእጅ ይስተካከላል። ዓመታዊ ካላንደር የሚባለው ባለ 30 እና ባለ 31 ወሮችን ስለሚለይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ እርማት ይፈልጋል። ፐርፔቿል ካላንደር ግን ሳይቆም እስከሠራ ድረስ እስከ 2100 ፌብሩዋሪ ማብቂያ ድረስ እርማት አያስፈልገውም፤ በዚያ ዓመት የሚሳሳተውም የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለ400 የማይካፈሉ የምዕተ ዓመት መዝጊያዎችን 365 ቀን ብቻ ስለሚሰጣቸው፣ ሰዓቱ ደግሞ በየአራተኛው ዓመት ፌብሩዋሪን 29 እንዲያደርግ ስለተሠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተቀመጠው በአንድ ትንሽ የብረት ክብ ላይ ነው። በጥንታዊው አሠራር ክቡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ዙሪያው ለ48 ወራት የተከፋፈለ ሲሆን ለባለ 31 ቀን ወር ሙሉ ከፍታ፣ ለባለ 30 ትንሽ ጉድጓድ፣ ለፌብሩዋሪ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆርጦበታል። ከአራቱ ፌብሩዋሪዎች የአንዱ ጉድጓድ ከሌሎቹ ሦስት በጥቂቱ ያነሰ ነው፤ 29ኛው ቀን ያለው በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። በየሌሊቱ አንድ ረጅም ዘንግ ይህን ክብ በጫፉ ይዳስሳል፤ ጉድጓዱ በጠለቀ መጠንም በወሩ መጨረሻ ቀኑን ብዙ ደረጃ ወደ ፊት ይገፋል። የአራት ዓመት ቀመር ያለ ባትሪ በብረት ላይ ተቀርጾ መገኘቱ፣ በእኔ እምነት፣ ከወርቁም ከስሙም በላይ የዚህ ሰዓት እውነተኛ ዋጋ ነው።

እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ቶማስ መጅ በ1760ዎቹ ይህን አሠራር በኪስ ሰዓት ውስጥ አስገብቶ ነበር። ወደ እጅ አንጓ የመጣው ግን በ1925 ነው፤ የጄኔቫው ሰዓት ሠሪ ድርጅት ፓቴክ ፊሊፕ በ1898 ለሴቶች የአንገት ሰዓት የተሠራን ማሽን ወስዶ የመጀመሪያውን የእጅ ፐርፔቿል ካላንደር አዘጋጀበት። በተከታታይ ማምረት የጀመረው ደግሞ በ1941 ነው።

ለምርጫ የሚቸግሩት በዋጋም በመልክም የሚቀራረቡት ናቸው። የፓቴክ ፊሊፕን 5327 የተባለ ሞዴልና የሌላውን ሰዓት ሠሪ ድርጅት፣ የቫሸሮን ኮንስታንቲንን፣ ፓትሪሞኒ ፐርፔቿል ካላንደር እንውሰድ። ሁለቱም የጄኔቫ ሥራዎች፣ ሁለቱም ቀጫጭን፣ ሁለቱም በክንድ እንቅስቃሴ ራሳቸውን የሚሞሉ፣ ሁለቱም በገጻቸው ላይ ትንንሽ ክቦችና የጨረቃ መስኮት ያላቸው ናቸው። የመጀመሪያው 39 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 41 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በቀጭን አንጓ ላይ ጉልህ ስለሆነ፣ ሁለቱን በእጅ አድርጎ ሳያዩ መወሰን አይገባም።

ቀጥሎ መታየት ያለበት የገጹ አነባበብ ነው። በፓቴኩ ላይ የወሩ ቀን ከጨረቃዋ ጋር በ6 ቁጥር ላይ፣ ዕለቱ በ9፣ ወሩ በ3 ይገኛል፤ በቫሸሮኑ ግን ቀኑ በ3፣ ዕለቱ በ9፣ ወሩ በ12 ሆኖ ጨረቃዋ በ6 ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ሰው በቀን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የወሩን ቀን በመሆኑ፣ እሱን በአንድ እይታ ማግኘት ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። በፓቴኩ ላይ ብዙ ገዢዎች ልብ የማይሉት አንድ ጥቅም አለ፤ ከዕለቱ ጋር በ9 ቁጥር ላይ 24 ሰዓቱን የሚቆጥር ትንሽ ጠቋሚ ተጨምሯል። ይህ ጠቋሚ ጌጥ አይደለም፤ ሰዓቱ የሚያሳየው ቀትርን ይሁን እኩለ ሌሊትን ይነግራል፣ የዚህም ጥቅም በማስተካከያ ጊዜ ይታያል።

የምርጫው ዋና ፍሬ ነገር ያለውም ማስተካከሉ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዓቶቹ ከእጅ ሲወልቁ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ ይቆማሉ፤ የፓቴኩ ማሽን ከ38 እስከ 48 ሰዓት፣ የቫሸሮኑ ወደ 40 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ሲቆሙ ቀኑን፣ ዕለቱን፣ ወሩንና ጨረቃዋን እንደገና ማስማማት የባለቤቱ ሥራ ይሆናል፤ ይህም በሁለቱም የሚከናወነው በሰዓቱ ጎን ላይ ያሉትን ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ ነጥቦች በልዩ መግፊያ በመጫን ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከእኩለ ሌሊት በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዘንጎቹ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ በዚያን ጊዜ ማስተካከያውን የሚጫን ሰው ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ተራ በተራ የሚያደርግ፣ ለሳምንታትም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ደጋግሞ እንደሚያደርገው አውቆ መግዛት አለበት፤ ወይም ሰዓቱን እያዞረ የሚሞላ ሳጥን ይግዛ።

ሰዓት ሠሪዎች ይህን ችግር ለመፍታት ለአርባ ዓመት ያህል ደክመዋል። በ1985 አይደብልዩሲ በተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የሚሠራው ኩርት ክላውስ ሁሉም ማሳያዎች በሰዓቱ ጎን ባለው በአንድ መሙያ ብቻ አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ ሆኖም የሚሄዱት ወደ ፊት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አሳልፎ ያዞረ ሰው ሰዓቱን አቁሞ ትክክለኛውን ቀን መጠበቅ ነበረበት። በ1996 ዩሊስ ናርዳን የተባለው ድርጅት በሰዓት ሠሪው ሉድቪግ ኦክስሊን ንድፍ ወደ ኋላም የሚመለስ አወጣ። በ2001 የጀርመኑ ላንገ ኡንድ ዞነ ሁሉንም ማሳያዎች አንድ ቀን የሚያራምድ አንድ ቁልፍ ሰጠ፣ በ2025 ደግሞ የስዊዘርላንዱ ድርጅት ኦደማር ፒጌ ማስተካከያውን ሁሉ ወደ መሙያው አመጣ። ከእነዚህ አንጻር ከላይ ያሉት ሁለቱ የድሮውን መንገድ የያዙ ናቸው፤ አንዱን የሚመርጥ ሰው ይህን ትዕግሥት ከሰዓቱ ጋር አብሮ ይገዛል።

በማሽን ደረጃ ሁለቱም እጅግ የተከበሩ ናቸው። የፓቴኩ ማሽን 3.88 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በክንድ እንቅስቃሴ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ክብደት ትንሽ ሆኖ በማሽኑ ውስጥ ተቀብሯል፤ የቫሸሮኑ 4.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን መሠረቱ በ1967 የተሠራውና ሙሉ ስፋት ያለው ክብደት በሩቢ ድንጋዮች ላይ የሚንሸራተትበት ዝነኛ ቀጭን ማሽን ነው። በኋላው መስታወት ሲታዩ የመጀመሪያው የማሽኑን አጥንት ሳይሸፍን ያሳያል፣ የሁለተኛው ክብደት ደግሞ ራሱ ትርዒት ነው። እኔ የ24 ሰዓት ጠቋሚ ስላለው ብቻ ፓቴኩን አስቀድማለሁ፤ አንጓው ሰፊ የሆነና ሰዓቱን በየቀኑ የሚያደርግ ሰው ግን ይህ ጠቋሚ ብዙም ስለማያስፈልገው ጸጥ ያለውን የቫሸሮን ገጽ ቢመርጥ አልቃወመውም።

ስለ ጨረቃዋ አጭር ቃል ይበቃል። 59 ጥርስ ያለው ቀላሉ አሠራር በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ቀን ሲሳሳት፣ ባለ 135 ጥርሱ የሚሳሳተው በ122 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ነው፤ ሻጩን መጠየቅ ቀላል ነው።

ያገለገለ ሰዓት ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ፈተና ከሁሉ ይበልጣል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ ሰዓቱን ባለ 365 ቀን ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ላይ አድርጎ እኩለ ሌሊትን እንዲያሻግረው፣ ከዚያም በአራተኛው ዓመት 28 ወደ 29፣ 29 ወደ ማርች 1 ሲሄድ እንዲያሳይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀኑ ግማሽ ላይ ከቆመ ወይም ወሩ ካልተከተለ፣ የጥገናው ወጪ በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። በዚያው ጊዜ ማስተካከያ መግፊያው፣ የምስክር ወረቀቱና የመጨረሻው ጥገና ማስረጃ ከሰዓቱ ጋር መኖራቸውም ይረጋገጥ።