የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሹመት፦ ድሬ ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ፕሬዝዳንት ሊቀየር ነው ሲባል ድሬ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ከየት ነው?» የሚል ነው። ምን ሠራ፣ ምን መራ፣ ምን አቅዷል የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም። ከዚራ ሰፈር ቡና ላይ ይሄው ነው። ባጃጅ ውስጥም ይሄው ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የመምህራን ክበብ ውስጥ ስሰማው ነው። ዕድሜዬን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ወሬ ሰልችቶኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ፕሮፌሰር ከሆነ ይመራል»

አይደለም። ማዕረግ የሚገኘው በማስተማርና በምርምር ነው። ፕሬዝዳንት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ያሳድራል፣ ይመግባል፣ ግንባታ ያስፈጽማል፣ ግዢ ይፈርማል። ጎበዝ ተመራማሪ ሆኖ የበጀት ሰነድ የሚያስጨንቀው ሰው አይቻለሁ።

«ድሮ ፖለቲካ አልነበረበትም»

ነበረበት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዝዳንት ልጅ ካሣ ወልደማርያም የንጉሡን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ናቸው። በ1985 ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። የትኛው ድሮ ነው የሚናፈቀው?

«ውጭ አገር በችሎታ ብቻ ነው»

ይሄም ተረት ነው። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሬዝዳንት አድርጎ የመረጠው በሥራ ላይ የነበረ ሴናተር ነው፤ ቤን ሳስን። በ2025 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የነበሩትን ሳንታ ኦኖን መረጠ። የግዛቱ የበላይ ቦርድ ግን ውድቅ አደረገው። ዋናው ክርክር ሰውየው ቀደም ሲል የብዝኃነት ፕሮግራሞችን ይደግፉ ነበር የሚል ነው። እኛ ከዚያ የምንማረው ነገር ካለ ጥያቄውም መልሱም በአደባባይ መሆኑን ነው። ድምፁ ተቆጠረ፤ 10 ለ6። ማን ምን እንዳለ ታወቀ።

«ድሬ ላይ 40-40-20 ለዩኒቨርሲቲውም ይሠራል»

አይሠራም። እሱ የከተማው አስተዳደር የፖለቲካ ሥልጣን ክፍፍል ነው፤ 40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች። ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ተቋም ነው። የሚመራው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል፣ እጩዎች ይወዳደራሉ፣ ቦርዱ የለያቸውን ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ ይሾማል። ፖለቲካ አይገባም አልልም። ቦርዱንም የሚሰይመው ሚኒስትሩ ነውና በዚያ በኩል ይገባል። የብሔር ኮታ ግን ሕጉ ላይ የለም።

«የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነ አያውቀንም»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ትልቁን ጉዳት ያየሁት በዚህኛው ነው።

ስጋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ላይ ተሠርቶ ልጁ የጥበቃ ሥራ እንኳ ያጣ አባት «የኛ ሰው ይግባበት» ቢል አልፈርድበትም። ግን አካባቢን ማወቅና አካባቢው ላይ መወለድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማወቅ ይፈተናል። እጩው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። በ1998 የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ስንት ሰው እንደበላብን ያውቃል? ጎርፉን በሚመለከት ምን ምርምር ሊያሠራ አስቧል? የሐረማያ ሐይቅ ለምን ደርቆ እንደነበርስ? የትውልድ ቦታ ለእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲን ተመልከቱ። የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ያቋቋሙትና የመሩት ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን ናቸው። ለሐረርጌ ከእነሱ የበለጠ ባዕድ ከየት ይመጣል? ግን ማስተማርን፣ ምርምርንና ገበሬው ዘንድ ወርዶ ማሳየትን አያይዘው ጀመሩት።

ከራሴ ልጨምር። አንድ ጊዜ እጩዎችን የሚመዝን ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። የት እንደሆነ ይቅር። አንዱ እጩ ከሩቅ የመጣ ነው። ዕቅዱን ከማቅረቡ በፊት ግቢውን ዞሮ፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ የላብራቶሪ ዕቃ ሳይቀር አይቶ ነበር። ሌላው የአካባቢው ልጅ ነው። ዕቅዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተገለበጠ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ የዚያኛው ከተማ ስም እንኳ አልተቀየረም። ማታ ስልክ ተደወለልኝ። «አቦ፣ የኛን ልጅ እንዳትጥል!» ነጥቤን አልቀየርኩም። ሹመቱ ግን ለአካባቢው ልጅ ሆነ። ከዚያ ማን ተጎዳ? ዕቃው ከካርቶን ሳይወጣ የተመረቀው የሰፈራችን ልጅ ነው። ዘመድ ስለሌለው ከዲንነት የተገፋው የዚያው አካባቢ መምህር ነው። «የኛ» የተባለው ሰው መጀመሪያ የጎዳው እኛኑ ነው።

በተቃራኒው «ተወላጅ ከተሾመ በቃ፣ ወረደ» የሚሉም አሉ። እነሱም ያንኑ ስህተት ገልብጠው ይዘውታል። ተወዳድሮ ያሸነፈ የድሬ ልጅ ለማንም ይቅርታ አይጠይቅም።

ብዝኃነት ከሹመቱ ቀን በፊት ነው የሚሠራው። ማስታወቂያው ለሁሉም ይድረስ። መዛኝ ኮሚቴው የአንድ ወገን አይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣት መምህራንን፣ በተለይ ሴቶችን፣ ከትምህርት ክፍል ኃላፊነት ጀምሮ አሳድጉ። ከታች ያላሳደጋችሁትን ሰው ከላይ አትፈልጉ።

«ሴት የምትሾመው ለቁጥር ነው»

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲን ዶ/ር ኡባህ አደም መርተውታል። ወንዱን በሥራው እንደምትመዝኑት ሴቷንም በሥራዋ መዝኑ። ሌላ መልስ የለኝም።

«እኛ ምን አገባን፣ ከላይ ያለቀ ነው»

እጩዎች ዕቅዳቸውን ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ያቀርባሉ። ያን ቀን አዳራሹ ባዶ ሆኖ አይቻለሁ። መምህራን፣ ሂዱ። ተማሪዎች፣ ወኪሎቻችሁን ላኩ። ተማሪው ካፌ የሚመገብበት በጀት እንዴት እንደሚያዝ፣ ያልተከፈቱት ዕቃዎች መቼ እንደሚተከሉ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ምን እንደሚያልቅ ጠይቁ። የሰጡትን መልስ ጻፉት። ቦርዱንም ጠይቁ፦ የእጩዎቹ ነጥብ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ የወጣው ከተሾመም ምክንያቱ በጽሑፍ፣ በፊርማ ይገለጽ።