ጠመንጃን ዜሮ ማድረግ ምንድን ነው?

ዜሮ ማድረግ ማለት በስኮፑ (ጠመንጃው ላይ በሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር) ውስጥ መስቀሉ የሚያርፍበት ነጥብና ጥይቱ የሚመታው ነጥብ በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲገጥሙ ማስተካከል ነው። ስኮፑ ከቱቦው መሃል ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ዓይን የሚያይበትና ጥይት የሚሄድበት መስመር አንድ አይደለም። ዜሮው የጠመንጃው ብቻም አይደለም። ስኮፑ፣ የጥይቱ ዓይነትና የተኳሹ አያያዝ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ለረጅም ርቀት በትዕዛዝ የተሠራ ጠመንጃን ባለሙያው ሞክሮ ቢልከውም ተቀባዩ እንደገና መሥራት ያለበት ለዚህ ነው።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከሌላ ግዛት ሲላክ በቀጥታ ገዢው ቤት አይደርስም። ፈቃድ ላለው ነጋዴ ይላካል፤ ገዢው እዚያ ቅጽ 4473 ሞልቶ የጀርባ ማጣሪያውን ሲያልፍ ይረከባል። እዚያው እያለ ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ ያረጋግጥ፤ ቱቦው ላይ የተቀረጸው የጥይት ዓይነትም ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑን ይይ። ቤት ሲገባ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል፤ ለማጓጓዣ የተቀባው ዘይት ከቀረ የመጀመሪያው ጥይት ከሌሎቹ ተለይቶ ያርፋል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ስኮፑን ሲገጥም ነው፤ ብዙው ጣጣም የሚጀምረው እዚያ ነው። መጀመሪያ በሚተኮስበት አኳኋን ተኝቶ፣ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ዙሪያው ጥላ የሌለው ሙሉ ምስል እስኪታይ ስኮፑን ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተት ነው። ከዚያ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክሎ ማሰር፣ ራቅ አድርጎ ቱምቢ መስቀል፣ የመስቀሉ ቋሚ መስመር ከቱምቢው ክር ጋር እስኪገጥም ስኮፑን በቀለበቱ ውስጥ ማዞር ነው። ብሎኖቹ በየተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። የቀለበት ክዳን ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ የአምራቹ ቁጥር ከተለየ ግን የእሱ ይበልጣል። በግምት በካቻቢቴ ያጠበቀ ሰው ወይ የስኮፑን አካል ይጨፈልቃል፣ ወይ በተኮሰ ቁጥር የሚንሸራተት ስኮፕ ይዞ ይቀራል። ሲጠብቅ ስኮፑ ትንሽ ስለሚዞር ቱምቢውን እንደገና ማየት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን? 6.5 ክሪድሞር (ለረጅም ርቀት የሚመረጥ የጥይት ዓይነት) በ140 ግሬን (9 ግራም ገደማ) ጥይት በ1000 ሜትር ላይ ወደ 10 ሚል (የማዕዘን መለኪያ ነው፤ 1 ሚል በ1000 ሜትር 1 ሜትር ይሆናል) ገደማ ወደ ላይ ማስተካከል ይጠይቃል። ጠመንጃው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል ጥይቱ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል፤ ተኳሹም ንፋሱን ይወቅሳል።

ለዜሮ 100 ሜትር የሚመረጠው በምክንያት ነው። በዚያ ርቀት የእንዲህ ያለ ጥይት መንገድ ከዓይን መስመር ጋር ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ርቀቱ 5 ሜትር ቢያንስ ወይም ቢበዛ ለውጡ አይታይም። ንፋስም ገና ጉልበት አላገኘም።

መጀመሪያ መዝጊያውን አውጥቶ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አጽንቶ፣ በቱቦው ውስጥ ኢላማውን መሃል ላይ ማየት፤ ከዚያ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ መስቀሉን በስኮፑ ማስተካከያ መዘውሮች እዚያው ማምጣት ነው። ይህ ወረቀቱን ለማግኘት ብቻ ነው። ቀጥሎ 5 ጥይት ተኩሶ መሃላቸውን መፈለግ እንጂ አንዱን ቀዳዳ ማሳደድ አይደለም። መሃሉ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ታች ቢሆን፣ በ100 ሜትር 0.1 ሚል 1 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ክሊኩ (መዘውሩ ሲዞር የሚሰማው አንድ እርምጃ) 0.1 ሚል በሆነ ስኮፕ 3 ክሊክ ወደ ግራ፣ 4 ወደ ላይ። ለማረጋገጫ 10 ጥይት ይተኮስ፤ በ3 ጥይት የተገኘ መሃል ነገ ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል። በኤፍ ክላስ ውድድር (ተኝቶ፣ በድጋፍና በስኮፕ የሚተኮስ የረጅም ርቀት ውድድር) በ1000 ያርድ የ10 ነጥቡ ክብ ከዳር እስከ ዳር 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ100 ያርድ 1 ሴንቲ ሜትር የሳተ ዜሮ እዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአሜሪካ ሜዳዎች የሚለኩት በያርድ መሆኑም አይረሳ፤ በ100 ያርድ 1 ሚል 9.14 ሴንቲ ሜትር እንጂ 10 አይደለም።

የሚዘለለው ነገር የመዘውሩ ፈተና ነው። በ100 ሜትር ረጅም ወረቀት ላይ በቱምቢ ቋሚ መስመር ይሰመራል፤ ታች ያለችው ነጥብ ላይ እያነጣጠሩ መጀመሪያ በዜሮ፣ ቀጥሎ 10 ሚል አዙሮ መተኮስ ነው። ሁለቱ ምቶች በ100 ሴንቲ ሜትር መራራቅ አለባቸው። 98 ከሆነ ስኮፑ ያልከውን ሁሉ አይሰጥም፤ በ1000 ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ያጎድላል፤ ቁጥሩን ወደ ስሌቱ ማስገባት ያስፈልጋል። የላይኞቹ ምቶች ከቋሚው መስመር ወደ ጎን ከሄዱ ደግሞ የስኮፑ አገጣጠም ጠሟል።

ይህ ካለቀ በኋላ መዘውሩ ተፈትቶ ጽሕፈቱ 0 ላይ ይመለሳል፤ ማቆሚያ ካለው ይታሰራል። አፈሙዝ ላይ ድምፅ መቀነሻ ሲገጠም፣ የጥይቱ ስሪት ሲቀየር፣ ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም ብሎን ሲፈታ ዜሮው እንደገና ይታያል። አዲስ ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 100 እስከ 200 ጥይቶች የጥይቱን ፍጥነት ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ቀን በተለካ ፍጥነት የተሠራ የርቀት ሰንጠረዥ (ለየርቀቱ መዘውሩ ስንት እንደሚዞር የሚያሳየው) በ1000 ሜትር ላይ ጥይቱን ከኢላማው በላይ ያሳልፈዋልና ፍጥነቱ ሲረጋ እንደገና ተለክቶ ሰንጠረዡ ይታደስ።