ፍም ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬ ሁለት እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ዝናቡ አላባራ ስላለ ሁላችንም ወደ ከሰሉ ተጠጋን። አቦሉ ላይ ከመዝሙር የቀረች የአንዲት ልጅ ስም ተነሳ። አንዷ «እንዲህ ሆና ነው አሉ» አለች። ሌላዋ ጨመረችበት። እኔ ዝም አልኩ። ቶናው ላይ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የሰማሁትን ጣል አደረግሁ። ብቻዬን ብሆን ያቺ ቃል ከአፌ አትወጣም ነበር።

ማታ ዮሐንስ 18ን አነበብኩ። ቅዱስ ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ መሣሪያ በያዙ ሰዎች ፊት ሰይፍ የመዘዘ ሰው ነው። በዚያው ሌሊት በር ጠባቂዋ ስትጠይቀው ካደ። ወንጌላዊው ብርድ እንደነበረና ጴጥሮስም አብሯቸው ፍም እየሞቀ እንደቆመ ይነግረናል። አብረን የምንሞቀውን ሰው መቃወም ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ ገባኝ።

በ1950ዎቹ ሶሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ በመስመር ፈትኖታል። ከሦስት መስመሮች የትኛው ከተሰጠው ጋር እኩል እንደሆነ መናገር ነው፤ ልጅም አይስተውም። ግን ቀድመው የሚመልሱት ተነጋግረው ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ከ4 ተፈታኞች 3ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሌሎቹን መልስ ደገሙ። እኔን የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ስሕተቱ ወደ ሩብ ወረደ።

አንድ ሰው ብቻ!

በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ የምናስበው ኒቆዲሞስ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሸንጎው ጌታን ለመያዝ ሲነሣ፣ ሕጋችን ሰውየውን ሳይሰማ ይፈርዳልን? ብሎ ጠየቀ። «አንተም ከገሊላ ነህን?» አሉት። ልብ በሉ፣ ፍሙ ዳር ጴጥሮስንም የጣለው ይኸው «አንተም?» የሚል ጥያቄ ነው። ኒቆዲሞስ ያን ቀን አላሸነፈም። በስቅለት ቀን ግን አይሁድን ፈርቶ በስውር ይከተል ከነበረው ከዮሴፍ ጋር 100 ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ በግልጥ መጣ።

ታዲያ ቡናውን ልተው? ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ያለው በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ ፍም አጠገብ ነው። ስለዚህ ያለፈው እሑድም ሄድኩ። ስሟ እንደገና ተነሳ። «ልጅቷን ራሷን የጠየቃት አለ?» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ዝም ተባለ። ጀበናውን የያዙት እናት ቀና ብለው «እኔም ይኼንኑ ልል ነበር» አሉ።

በረካውን ጠጥተን ሁለታችን ወደ ልጅቷ ቤት ሄድን።