ከማይባር እስከ ሐይቅ፦ ስለ ሳይንሳዊ ምርምር በወሎ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ይሁን ወልድያ፣ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ ስለ «ጥናት» የሚነሳው ነገር ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ተመራማሪ የሚባለው ደመወዙን ከመብላት ሌላ ምን ሠራ?» ይላል፤ ሌላው «ጥናት ካረጋገጠው አለቀ ደቀቀ» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ምርምርን ከሩቅ አገር ታሽጎ እንደሚመጣ ዕቃ ነው የሚያዩት። ወሎ ግን ተቀባይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አፈሩ፣ ዘሩ፣ የሐይቁ ጭቃ፣ ረሃቡ ሳይቀር በዓለም ዙሪያ ለሚጠቀሱ ግኝቶች መነሻ ሆኗል። ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ምርምር ማለት ነጭ ጋውን ለብሶ ቤተ ሙከራ ውስጥ መዋል ነው»

ከደሴ በስተደቡብ፣ አልብኮ ወረዳ ውስጥ ማይባር የሚባል ትንሽ ሐይቅና ተፋሰስ አለ። የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያውን የተከለው እ.ኤ.አ. በ1981 እዚህ ነው። ሥራው ሲያዩት ምንም አያስደንቅም። ተዳፋት ላይ ያለ 30 ካሬ ሜትር መሬት ዙሪያው ይታጠራል፤ ከታች በኩል የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀበል ገንዳ ይቀመጣል። ዝናቡ ሲያባራ ተመልካቹ ቦቲውን አጥልቆ ይወርዳል፣ የውኃውን ከፍታ ይለካል፣ ገንዳውን ያማስላል፣ ናሙና ይቀዳል። ናሙናው ተጣርቶና ደርቆ ጭቃው ይመዘናል። ዝናብ እሑድን ወይም በዓልን አይመርጥምና ሰውየውም አይመርጥም።

ይህ አሰልቺ ልኬት ዓመት ከዓመት ሲጠራቀም አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ወጣ። በዓመት ውስጥ ከሚታጠበው አፈር አብዛኛውን የሚወስዱት ጥቂት ከባድ ዝናቦች ናቸው፤ በተለይ መሬቱ ታርሶና ለስልሶ ቡቃያው ገና ባልሸፈነው ጊዜ የሚወርዱት።

ከዚሁ ጣቢያና ከእኅት ጣቢያዎቹ የወጣ ሌላ ውጤትም አለ፤ እሱን የጻፈ የቅስቀሳ ፖስተር ግን አላየሁም። እርከን የአፈርን መታጠብ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ምርትን ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እምብዛም አይጨምርም። እርከኑ ራሱ መሬት ይወስዳል፣ ከኋላው ውኃ ሊተኛ ይችላል፣ ለአይጥና ለአረም መጠለያ ይሆናል። እርከኑን ያፈረሰው ገበሬ «ያልገባው» ሲባል ኖሯል። ቁጥሩን ላየ ግን ሰውየው የዘንድሮን ቁና ቆጥሮ ነው ያፈረሰው። ልክ ነበር ለማለት አይደለም፤ የልጅ ልጁ አፈር ሄዷል። ስሌቱ ግን ስሌት ነበር።

«በአያቶቻችን ዘመን ወሎ ድፍን ደን ነበር፤ የጨፈጨፍነው እኛ ነን»

ይህ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የተነገረን ነው። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለው ቁጥር በየሪፖርቱ ሲገለበጥ ኖረ እንጂ ማን፣ መቼ፣ በምን ለካው ተብሎ ሲፈለግ ጠንካራ መሠረት አልተገኘለትም።

መልሱ የተገኘው ተሁለደሬ ወረዳ ላይ፣ ሐይቅ ተብሎ ከሚጠራው ሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርድቦ ሐይቅ ወለል ነው። የአበባ ብናኝ ጠንካራ ቅርፊት አለው፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ በጭቃ ሲዳፈን ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ተመራማሪዎች ጭቃውን በረጅም ቱቦ ሰንጥቀው አወጡ፣ ብናኙን በማይክሮስኮፕ እየለዩ ቆጠሩ፣ የየንብርብሩን ዕድሜ በካርቦን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ውጤት ባለፉት 3,000 ዓመታት የሆነውን ያሳያል። የዝግባና የጥድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቦታውን ክትክታና ሣር ያዙት፤ ይህም ወደ 1,800 ዓመታት ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ጥድ ከወይራ ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ከዚያ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ እንደገና ተመነጠረ፣ አፈሩም ወደ ሐይቁ ወረደ። ደኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ታሪኩ አንድ ቁልቁለት አይደለም።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ወሎ ላይ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ ከ60 ዓመት በኋላ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመ። በብዙዎቹ ቦታዎች አዲሱ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ዛፍ ከድሮው ይበዛል፤ አብዛኛው ግን ገበሬው በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ መሬታችን ደህና ነው» ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። ባሕር ዛፍ ደን አይደለም፤ የሄደውንም አፈር አይመልስም። ጥፋቱን በሙሉ በአንድ ትውልድ ላይ መከመር ግን ከማስረጃው ጋር አይሄድም።

«የአገር ቤት ዘር ኋላ ቀር ነው፤ ቁም ነገር ያለው በውጭው ዘር ነው»

ማሽላ ፕሮቲን አለው፤ ችግሩ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በጣም ያንሰዋል። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ከተሰበሰቡ ማሽላዎች ወደ 9,000 የሚሆኑትን ፈተሹ። ፍሬያቸው ውስጡ ዱቄታማ የሆነውን ለዩ፣ የለዩትን በኬሚስትሪ መረመሩ። በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ውጤት ሁለት ዝርያዎችን ብቻ ነጥሎ አወጣ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው፤ የተሰበሰቡትም ከወሎ ነው። በተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ሲሆን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ለአይጥ ግልገሎች ተሰጥቶም ግልገሎቹ በተራ ማሽላ ካደጉት በእጅጉ ፋፉ።

የወሎ ገበሬ ግን ይህን የማሽላ ወገን ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ እያለ ሲጠራው ኖሯል። ሳይደርቅ እሸቱን ጠብሶ ይበላዋል፤ ለጎተራ ብሎ አያመርተውም። ከሌላው ማሽላ መሐል እዚህም እዚያም ይዘራዋል እንጂ ማሳውን አይለቅለትም።

ለምን ዓለምን አልቀየረም? ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ነቀዝ በቀላሉ ይገባበታል፣ ምርቱም ያንሳል። አርቢዎቹ ላይሲኑን ከጠንካራ ፍሬ ጋር ለማዋሐድ ብዙ ደከሙ፤ ነገሩ እንዳሰቡት አልቀለለም። ገበሬው ይህን ዘር ለእሸት ብቻ ማቆየቱ፣ ቤተ ሙከራው ብዙ ለፍቶ የደረሰበትን ድክመት አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

«የተሻሻለ ዘር ማለት ጂን የተለወጠ ማለት ነው»

አይደለም። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እንደ ጊራና፣ ምስክርና ሆርማት ያሉ ማሽላዎች በመምረጥና በማዳቀል የተገኙ ናቸው፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሌላ ፍጥረት ጂን አልገባባቸውም። በብዙ ቦታ፣ ለብዙ ዓመታት እየተደጋገሙ ከነባሩ ዘር ጎን ተዘርተው ነው የተፈተኑት። የሚመረጡት በአብዛኛው ቶሎ ስለሚደርሱ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ደጋሊትንና ጅጉርቲን የመሰሉ ነባር ማሽላዎችን በሚያዝያ መዝራት ያልቻለ የቆቦ ገበሬ በሐምሌ የሚዘራው ነገር ያስፈልገዋል። ደጋሊት የሚጣፍጥ እንጀራ እንደሚያወጣ ማንም አይክድም፤ ዝናቡ ከመጣለት።

«አቀንጭራ አበባው ሲታይ ነቅሎ መጣል ይበቃል»

ማሽላ ዘርቶ የሚኖር ሁሉ አቀንጭራን ያውቀዋል። ማሳው መሐል ሐምራዊ አበባውን ዘርግቶ ሲያዩት ያምራል፤ አጠገቡ ያለው ማሽላ ግን ጠውልጓል። የሚነቀለው ያኔ ነው፤ ጉዳቱ ግን በአመዛኙ አልፏል። ከመሬት በታች ባሳለፋቸው ሳምንታት ከማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ሲመጥ ቆይቷል። ዘር ሳይጥል መንቀሉ ለሚመጡት ዓመታት ይጠቅማል፤ ዘንድሮን ግን አያድንም። አንዱ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥም ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። አንድ ዓመት መሬት ማሳደር ለዚህ ዘር ምኑም አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ዘር መቼ መብቀል እንዳለበት በምን ያውቃል? ኬሚስትሪው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ስትሪጎላክቶን የተባሉ ውሁዶችን በሥሩ በኩል ወደ አፈር ይለቃል። አቀንጭራ ያንን ሲያገኝ አጠገቡ ሥር እንዳለ ያውቅና ይበቅላል። የመጀመሪያውን ውሁድ ኬሚስቶች ለይተው ያወጡት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያገኙትም አቀንጭራ ከማያጠቃው ከጥጥ ሥር ነው። ተክሉ ጠላቱን ለምን እንደሚጠራ ግን ለ40 ዓመት ያህል እንቆቅልሽ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. መልሱ ተገኘ፤ ጥሪው ለአቀንጭራ አይደለም። ፎስፈረስ ለቅመው የሚያመጡለትን ወዳጅ ፈንገሶች ነው የሚጠራው። አቀንጭራ በር ላይ ቆሞ የሰው ምሥጢር እንደሚያዳምጥ ጎረቤት ጥሪውን ይሰርቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነዚሁ ውሁዶች የተክልን ቅርንጫፍ አወጣጥ የሚቆጣጠሩ ሆርሞኖች መሆናቸው ታወቀ።

«መሬት ሲደክም አቀንጭራ ይነግሣል» የሚለው የገበሬው አባባል እንግዲህ እውነት ነው። የተራበ ማሽላ አብዝቶ ይጣራል። ፍግና ማዳበሪያ አቀንጭራን የሚያዳክሙትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ጥጥን እያፈራረቁ መዝራትም ዘሩን ያታልለዋል፤ ይበቅላል፣ የሚጣበቅበት ሥር ያጣል፣ ይሞታል።

በእኛው አገር ሰው በፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ የተመራው የፐርዱ ምርምር ይህንኑ ተከትሎ ነው ጥሪያቸው ደካማ የሆኑ ማሽላዎችን ያወጣው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ለኢትዮጵያ ገበሬ የደረሱት ከዚያ ሥራ ነው፤ ገቢሳም በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከእነዚህ ማሽላዎች አንዱን ዘርቶ «ጨረስኩ» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው። አፈሩ ውስጥ የተኛው ዘር ብዙ ነው፤ ከለምነት፣ ከማፈራረቅና ከነቀላ ጋር ካልተጣመረ ዘሩ ብቻውን አይችለውም።

«የድንቅነሽን ዕድሜ ያወቁት አጥንቷን በካርቦን መርምረው ነው»

ድንቅነሽ ኖቬምበር 24 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ስትገኝ ቦታው ሐዳር በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ዛሬ አፋር ክልል ነው። የካርቦን ልኬት ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አይሠራም፤ እሷ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ናት። የተለካው አጥንቱ ሳይሆን ከበላይና ከበታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ እያለ ይለወጣል፣ ከፊሉም አርጎን ይሆናል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ቅልጡ ዐለት ሲፈነዳ የነበረው አርጎን ያመልጣል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን እየተጠራቀመ ይቆያል። የተጠራቀመውን የለካ ዕድሜውን ያውቃል። ፊዚክስ ባይኖር ድንቅነሽ ቀን የሌላት አጥንት ነበረች።

«የአየር ትንበያ ይዋሻል»

የክረምቱ ትንበያ የሚወጣው በዕድል መልክ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ከመቶ ተብሎ። በሬዲዮ ሲነገር መቶኛው ይወድቅና «ዝናቡ ጥሩ ነው» ብቻ ይቀራል። ከዚያ ትንበያው ዋሸ ይባላል። የተናገረው ሌላ፣ የተሰማው ሌላ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ምሥራቁ ሲሞቅ የሰሜኑ ክረምት የመድከም ዕድል እንደሚጨምር ግን በሚገባ የታወቀ ነው፤ 2015 እ.ኤ.አ. ለዚህ ምስክር ነው።

«ረሃብ የሚመጣው እህል ሲያልቅ ነው»

ምጣኔ ሀብትን ሳይንስ ነው ብሎ ለመቀበል የሚያቅማማ አለ፤ የወሎን የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ያጠናውን አማርትያ ሴንን ይመልከት። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፤ እህል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው አይንርም ነበር? ዋጋው ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህልም ነበር። የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ረሃቡን የሚያክል ውድቀት አላሳየም። የወሎ ገበሬ የራሱ ምርት ስለጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ፤ ገበያ ላይ እህል ቢኖርም መግዣ አልነበረውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ ዋጋ አያስወድድም።

ሴን ወሎ ውስጥ ምርት አልቀነሰም አላለም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይጠቅሰዋል። መረጃውንና ድምዳሜውን የተቹ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። ከአርብቶ አደሩ የተገኘው ግን ከሁሉ ጎልቶ ይታያል። ከብቱ ማለቁ አንድ ነገር ሆኖ፣ የተረፈውንም ወደ ገበያ ሲያወጣ የሚለወጥለት እህል ከቀድሞው እጅግ አንሶ አገኘው። ዛሬ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች ወደ ገበያ ሲወርዱ የኩንታሉን ዋጋ ብቻ ጽፈው የማይመለሱት ለዚህ ነው፤ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደምታወጣም ይመዘግባሉ።