የወንዶ ገነት ሄርባሪየም፦ ዕፅዋትና እንጉዳይ

የወንዶ ገነት ሄርባሪየም በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ፣ በወንዶ ገነት የደንና ተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ሥር የሚገኝ የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ ነው። በአገራችን የደን ትምህርት አንጋፋ የሆነው ይህ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊድን ድጋፍ ተከፈተ። በ2000 ከሀዋሳ ግብርና ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2006 ስሙ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በቦታው ስም ላይ «ገነት»ን የጨመሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ይባላል።

ኮሌጁን የታደለ የሚያሰኘው ደኑ ደጁ ላይ መሆኑ ነው። ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት ከግቢው በላይ ካለው ተራራ ላይ አሉ። ጠዋት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሳይጠወልግ ጋዜጣ ውስጥ ይዘረጋል። ቢያንስ አንዱ ቅጠል በጀርባው ይገለበጣል፤ ከዚያ በካርቶን ተደራርቦ በመጫኛው ይጠፈራል። እርጥብ ጋዜጣ በየቀኑ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ሲደርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ ተሰፍቶ ወይም ተለጥፎ መግለጫው ይጻፍለታል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ሰብሳቢው፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚጠራበት ስም። መግለጫ የሌለው ናሙና ድርቆሽ ነው።

ብርብራን እንውሰድ። ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግለው ይህ ዛፍ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። የዕፅዋት ሊቃውንት የሰሜኑንና የደቡቡን በሁለት ንዑስ ዝርያ ይለያሉ፤ የደቡቡ «ዳራሳና» የሚለው ስም ከቀድሞው የጌዴኦ መጠሪያ የመጣ ነው። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ግን ወደየትኛው እንደሚመደቡ የሚያጠራጥሩ ዛፎች አሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚፈታው ከየቦታው የተሰበሰበ ናሙና ነው።

ለዕፅዋቱ መመሳከሪያ አለ። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ገደማ ዝርያዎችን ይዞ ወጥቷል። እንጉዳይ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለውም። ደግነቱ የወንዶ ገነት ደን ተጠንቷል፦ ተመራማሪዎች ያልተቃጠለውን፣ ከተቃጠለ 1 ዓመትና 10 ዓመት የሆነውን ደን እንጉዳይ አነጻጽረው በ2017 አሳትመዋል።

እንጉዳይ እንደ ቅጠል አይጫንም፤ ቅርጹ ይጠፋል። ቀለሙና ሽታው ትኩስ ሳለ ካልተመዘገበ በኋላ አይገኝም። ከዚያ በለዘብተኛ ሙቀት ይደርቃል። ከመድረቁ በፊት የአንዱ ባርኔጣ ተቆርጦ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ተደፍቶ ያድራል። ጠዋት ሲነሣ ብናኙ፣ ማለትም እንጉዳዩ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት፣ ወረቀቱ ላይ ጨረር መስሎ ታትሞ ይገኛል፤ ነጭ ከሆነ በጥቁሩ፣ ቡናማ ከሆነ በነጩ በኩል ይለያል። ወረቀቱም ታጥፎ ከደረቀው ናሙና ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል።