«እጁ እንዴት ይፈጥናል!» እና ሌሎች ስለ ማጂክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የመጀመሪያ ትሪኬን ያሳየሁት ቤት ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ ነው። ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከቀኝ እጄ ወደ ግራ አሳለፍኩ። ግራውን ጨበጥኩ፣ እፍ አልኩበት፣ ዘረጋሁት። ባዶ! አክስቴ አማተበች። የ6 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ግን ተነስታ መጣችና ቀኝ እጄን ያዘች። «እዚህ ነው ያለው!»

ያን ቀን አክስቴም ተሳስታለች፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ልክ የነበረችው ልጅቷ ብቻ ናት።

«መተት አለበት»

ይሄ የአክስቴ ነው። አዲስ ጥርጣሬ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሰው በጥንቆላ ተከሶ በሚሰቀልበት ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1584፣ ሬጂናልድ ስኮት የሚባል ሰው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ጠንቋይ እየተባሉ የሚገደሉት ምስኪኖች ናቸው ብሎ ተከራከረ። ለማሳመን ብሎም በሳንቲም፣ በካርታና በትንንሽ ኳሶች የሚሠሩ ትሪኮችን ምስጢር ዘርዝሮ ጻፈ። የእኔ የሳንቲም ጨዋታ የቅርብ ዘመዶች እዚያ ውስጥ አሉ። እኛ ዘንድ ችግሩ ቃሉም ጭምር ይመስለኛል። «አስማት» ስትሉ ሰው ይደነግጣል፤ «ማጂክ» ስትሉ ወንበሩን አስጠግቶ ይቀመጣል።

«ዋናው የእጅ ፍጥነት ነው»

ይሄ ደግሞ የእኔ ነው። ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ጋ ይወድቃል።

ሬኔ ላቫንድ አርጀንቲናዊ ነበር። በ9 ዓመቱ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን አጣ። በቀረችው ግራ እጁ ብቻ ካርታ እየበወዘ ዓለም ያወቀው ማጂሺያን ሆነ። የታወቀበት አባባሉ በግርድፉ «ከዚህ በዝግታ መሥራት አይቻልም… ወይስ ይቻል ይሆን?» የሚል ነው። ይህን ብሎ ያንኑ ጨዋታ ከበፊቱም በባሰ ዝግታ ይደግመዋል። ያኔም የሚነቃበት የለም።

ታዲያ የሚያታልለው ምንድን ነው? ዓይናችን። ሰው እናንተ የምታዩትን ነው የሚያየው። ጉስታቭ ኩን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ራሱም ማጂሺያን ነው፣ ይህን ከባልደረባው ጋር ፈትኖ በፈረንጆቹ 2006 አሳትሟል። ኳስ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ይወረውራል። በሦስተኛው የወረወረ ይመስላል እንጂ ኳሷ እጁ ውስጥ ናት፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ወደ ላይ ያያል። ብዙ ተመልካቾች ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ አየር ላይ ስትጠፋ አየን አሉ! ወደ እጁ ሲያይ ግን በዚህ የሚሸወደው ሰው በጣም ቀነሰ።

አሁን ወደ ሳንቲሙ። በቀኝ አውራ ጣትና መሃል ጣት ጫፉን ይዛችሁታል። ግራ እጅ ሊወስደው ይመጣል፣ ይሸፍነዋል። በዚያች ቅጽበት አውራ ጣታችሁን ላላ ስታደርጉ ሳንቲሙ ቀኝ መዳፍ ላይ ዱብ ይላል። ግራው ባዶውን ተጨብጦ ይሄዳል። አለቀ። እኔ ምን አጠፋሁ? ከመቸኮሌ ሌላ ዓይኔ ቀኝ እጄ ላይ ቀረ። ቀኝ እጄም እንደተያዘ ሌባ ደርቆ ቆመ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ 20 ጊዜ ሳንቲሙን የእውነት ከእጅ እጅ አሳልፉ። ዓይናችሁ የት ይሄዳል? ትከሻችሁስ? ከዚያ የውሸቱን ልክ እንደ እውነቱ አድርጉት። በመስታወት ብቻ አትለማመዱ፣ በስልክ ቅረጹት። ምስጢሯ ቅጽበት ላይ ዓይን መጨፈን የብዙዎቻችን አመል ነው፤ የጨፈነ ሰው ደግሞ ራሱን መስታወት ውስጥ አያይም።

«ምስጢሩን ካወቅኩ ቻልኩት»

ይኸው አሁን አወቃችሁ። እስቲ ተነሱና ለቤተሰብ አሳዩ። (እኔን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።)

«ውድ ዕቃ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። አንድ ካርታ፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ላስቲክ ለዓመት ይበቃል። ከውጭ የመጣችልኝን የፕላስቲክ ሣጥን ሳወጣ ሁሉም «እስቲ ልያት» ነው የሚለው። ከተመልካቹ ኪስ የተዋሳችሁትን ሳንቲም ግን ማንም አይጠረጥርም።

«ድገመው ካሉህ ድገመው»

በፈረንጆቹ 1922 ቺካጎ ውስጥ፣ በዘመኑ ዝነኛ የነበረው ማጂሺያን ሃሪ ሁዲኒ፣ ዳይ ቨርነን ከሚባል ወጣት ማጂሺያን ጋር ተገናኘ። ሁዲኒ ማንኛውንም ትሪክ ሦስት ጊዜ ካየሁ እደርስበታለሁ እያለ የሚፎክር ሰው ነው። ቨርነን የሁዲኒ ፊርማ ያለበትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ ላይ አስገባ፤ ካርታው ከላይ ተገኘ። ደገመው፣ ደጋገመው። ሁዲኒ አልደረሰበትም። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን እኛ ቨርነን አይደለንም። ተመልካች ሁለተኛው ላይ የት ማየት እንዳለበት ያውቃል። «ድገመው» ሲባል ሳንቲሙን ኪስ ከትቶ ቡናውን መጠጣት ነው።

«ልጆችን መሸወድ ይቀላል»

እኔ ተቃራኒውን ነው ያየሁት። ትልቅ ሰው ፊታችሁን እያየ ዓይናችሁን ይከተላል። ልጅ የፈለገበትን ያያል፣ ይሉኝታም የለውም። ለገና የእህቴ ልጅ እንደገና መጥታ ቀኝ እጄን አስከፈተችኝ። ባዶ። ግራውን አስከፈተችኝ። እሱም ባዶ። ሳንቲሙ ጭኔ ላይ ነበር።

አሁን ጠረጴዛ ስር ገብታ ማየት ጀምራለች።