ዜድ ስኮር ምንድን ነው? ወተት በቁና ለሚሰፍሩ

ሰሞኑን አንድ የአክሲዮን ተንታኝ የአንድ ባንክ ዜድ ስኮር 0.4 ነው ብሎ አሰላና «ሁለት ዓመት አይዘልቅም» ሲል ፈረደበት። ከጽሑፉ ሥር ሰው ሁሉ «ድርሻዬን ልሽጥ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ዕድሜዬን የተበዳሪ ድርጅቶች ሒሳብ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም። የአሁኑን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ዜድ ስኮር ኤድዋርድ አልትማን የተባሉ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ምሁር አንድ ድርጅት ወደ ክስረት እየሄደ መሆኑን ለመገመት በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀመር ነው። የሥራ ካፒታል (የአጭር ጊዜ ሀብት የአጭር ጊዜ ዕዳ ሲቀነስለት)፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ፣ ከወለድና ከግብር በፊት ያለ ትርፍ እና ሽያጭ እያንዳንዳቸው ለጠቅላላ ሀብት ይካፈላሉ፤ የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ደግሞ ለዕዳው። አምስቱ ውጤቶች በየክብደታቸው ተባዝተው ይደመራሉ። ድምሩ ከ2.99 ከበለጠ ደህና፣ ከ1.81 ካነሰ አስጊ ነው፤ መሃሉ አይታወቅም።

ክብደቶቹ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ከ66 የአሜሪካ አምራች ድርጅቶች ነው የመጡት፤ 33ቱ የከሰሩ፣ 33ቱ ያልከሰሩ። ባንክ አንድም አልነበረባቸውም።

ቁና የጤፍ መስፈሪያ ነው። ተንታኛችን ቁናውን ይዞ ወተት ሊሰፍር ሄደ። ወተቱ በስፌቱ መሃል ፈሶ ሲያልቅበት «ላሟ ነጥፋለች» ብሎ ጻፈ።

በቁጥር እንየው። 100 ብር ሀብት ያለው ጤናማ ባንክ እናስብ። 88 ብሩ ዕዳ ነው፤ አብዛኛው የእኔና የእናንተ ተቀማጭ። 12ቱ ካፒታል ሲሆን ከዚያ ውስጥ 2 ብሩ ያልተከፋፈለ ትርፍ ነው። የዓመቱ ገቢ 12 ብር፣ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 3 ብር (የተቀማጭ ወለድን እንደ ተራ ወጪ ቆጥረነው)። አክሲዮኑም በመዝገብ ዋጋው፣ ማለትም በካፒታሉ ልክ በ12 ብር፣ ይሸጣል እንበል። የባንክ ሒሳብ እንደ ፋብሪካ የአጭርና የረጅም ጊዜ ተብሎ ስለማይከፈል የሥራ ካፒታሉን በዜሮ እንያዘው። ድምሩ 0.33 ገደማ ይመጣል። ከመቶ 3 ብር የሚያተርፍ ባንክ በዚህ ስሌት የተንታኙን «ሟች» እንኳ አይደርስበትም! ተቀማጭ ለባንክ ጥሬ ዕቃው ነው፤ ቀመሩ ግን እንደ ፋብሪካ ዕዳ ይቆጥርበታል።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ድርጅት ባንክ ነበር። ለእኛ አገር ባለአክሲዮን ስህተቱ የሚከፋው ለዚህ ነው፤ ቁናውን ይዞ ሲወጣ ፊት ለፊት የሚያገኘው ወተት ነው።

«አልትማን እኮ ቀመሩን አሻሽለውታል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በገበያ ላልተመዘገቡ ድርጅቶች ሌላ፣ አምራች ላልሆኑት ደግሞ ሽያጩን ያስወጣ ሌላ ቁና ሰፍተዋል። ሁሉም ግን ቁና ናቸው። ፒዮትሮስኪ የተባሉ ሌላ ምሁር የድርጅትን የሒሳብ ጤንነት ለመመዘን ያወጡት ባለ 9 ነጥቡ ኤፍ ስኮርም ለባንክ አይሆንም፤ ከነጥቦቹ አንዱ ጥቅል የትርፍ ህዳግ (ከሽያጩ የዕቃው ወጪ ሲነሳ የሚተርፈው ድርሻ)፣ ሌላው የአጭር ጊዜ ሀብት ለአጭር ጊዜ ዕዳ ያለው ምጣኔ ነው። ባንክ ሁለቱም የሉትም።

ለጤፉም፣ ማለትም ለፋብሪካው፣ ቢሆን እብቁን ሳያበጥሩ መስፈር የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዶላር ዕዳ ያለበት ፋብሪካ ዕዳው በብር ሲታይ አበጠ፤ ሕንፃው ግን በድሮ የግዢ ዋጋው መዝገብ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ከመጣልኝ ስኮሩን ከማስላቴ በፊት ንብረቱ መቼ እንደተገመተ እጠይቃለሁ። የሒሳብ ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 የሚታየው ጥሬ ገንዘብም ብዙ አያስደስተኝም፤ ሐምሌ 1 ላይ የት እንደደረሰ ማየት እፈልጋለሁ።

ባንክ ሲሆን የማየው ሌላ ነው፤ ካፒታሉ ካበደረው ብድር ስጋት አንጻር ስንት ነው፣ ከብድሩ የተበላሸው ስንት ነው፣ ተቀማጩስ ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ነው ወይስ ጥቂት ትልልቅ ደንበኞች አንድ ቀን ይዘውት የሚሄዱት? ይህ ኦዲት በተደረገው ሪፖርት ማብራሪያ ውስጥ፣ ከኋላ ባሉት አሰልቺ ገጾች ላይ ይገኛል። የተንታኙን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ «የተበላሸ ብድር» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።